ዝም ብሎ የሚሳሳት ሎግ ቀያሪ

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ ሳምንታዊው የኮምፒውተር ትምህርት ዝግጅታችን ጀምሯል። የዛሬው ጉዳይ ድረ-ገጽ ለሚያስተዳድሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ አይቲ ክፍል ለሚሠሩና ሙያውን ለሚማሩ ይበልጥ ይቀርባል። ሌሎቻችሁም ግን ጣቢያ አትቀይሩብን። ዛሬ ጠዋት በስልካችሁ የከፈታችሁት ገጽ ሁሉ የሆነ ቦታ በአንድ መስመር ተጽፎ ተቀምጧል። የምናወራው ስለዚያ መስመር ነው።

ዌብ ሰርቨር ገጽ ለጠየቀ ሁሉ ገጹን አውጥቶ የሚሰጠው ፕሮግራም ነው። አንድ ሰው በጠየቀ ቁጥር በሎግ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ይጨምራል። በመሥሪያ ቤት በር ላይ ያለውን የጥበቃ መዝገብ አስቡት፤ ማን መጣ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ፈልጎ፣ ገባ ወይስ ተመለሰ። ሎግም ይኸው ነው።

ችግሩ ሁሉም ሰርቨር መዝገቡን በአንድ ዓይነት አለመሙላቱ ነው። አፓቼና ኤንጂንኤክስ የሚባሉት ሰርቨሮች በአብዛኛው የሚጽፉት ከጥንቱ የኤንሲኤስኤ ሰርቨር በተወረሰው ቅርጽ ነው። ኤንሲኤስኤ በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ የሱፐርኮምፒውተር ማዕከል ነው። የማይክሮሶፍቱ አይአይኤስ ግን ካልተነካካ በስተቀር የሚጽፈው ደብሊው ስሪ ሲ በሚባለው ቅርጽ ነው። የዚህን ቅርጽ ረቂቅ በ1996 እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት ፊሊፕ ሃላም-ቤከርና ብራያን ቤለንዶርፍ ናቸው። ቤለንዶርፍ ደግሞ ከአፓቼ መሥራቾች አንዱ ነው! እሱ የነደፈው ቅርጽ የዋናው ተፎካካሪ መታወቂያ ሆኖ ቀረ።

አንዱን ቅርጽ ወደ ሌላው የሚገለብጥ መሣሪያ ሎግ ቀያሪ ይባላል። ማይክሮሶፍትም ከቀድሞዎቹ የአይአይኤስ እትሞች ጋር ኮንቭሎግ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይሰጥ ነበር። ሥራው የአይአይኤስን ሎግ ወደ ኤንሲኤስኤ ቅርጽ ማዞር ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው በፓይተን ወይም በፐርል የራሱን ይጽፋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ እንግዲህ አንድ ሁኔታ እናስብ። የአንድ መሥሪያ ቤት ድረ-ገጽ ለዓመታት በዊንዶውስ ላይ በአይአይኤስ ሲሠራ ቆይቶ ወደ ሊኑክስና ወደ አፓቼ ተዛወረ። ኃላፊው የአይቲ ባለሙያዋን ጠርተው «የድሮውንም የአዲሱንም አንድ ላይ አድርጊና የዓመቱን ሪፖርት አምጪልኝ» አሏት። እሷም የድሮውን ሎግ በቀያሪው አሳለፈች። ቀያሪው «ተጠናቋል» አለ። ምንም ስህተት አላሳየም።

ሪፖርቱ ሲወጣ ግን የገጾቹ ሁሉ መጠን ዜሮ ባይት ነው። ጎብኚው ደግሞ ሠራተኛው ሥራ ሳይጀምር፣ ገና በንጋት የሚጎርፍ ሆኖ ታየ። እናንተ ብትሆኑ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?

(ጥቂት ዝምታ)

ብዙዎቻችን መሣሪያውን አጥፍተን እንደገና እንጭናለን፤ ወይም ሌላ መሣሪያ ፍለጋ እንገባለን። እኔ ግን የምለው መሣሪያውን ለጊዜው ተዉት ነው። መጀመሪያ መስመሩን በዓይናችሁ እዩት። ደግሜ ልበለው፤ መጀመሪያ መስመሩን በዓይን! የሚጮህ ቀያሪ ብዙ አያስቸግርም፤ «ፋይሉን መክፈት አልቻልኩም» ካለ ፈቃዱን ወይም አድራሻውን ታስተካክላላችሁ፣ አለቀ። የሚያስቸግረው ሥራውን ጨርሶ የተሳሳተ ፋይል የሚያስረክበው ነው።

ስለዚህ ሙሉውን የዓመት ሎግ አትክፈቱ። ከላይ ጥቂት መስመር ብቻ አውጡ። ሊኑክስ ላይ «ሄድ» የሚባለው ትዕዛዝ የመጀመሪያዎቹን 10 መስመሮች ያወጣላችኋል። የአይአይኤስ ፋይል ከሆነ ከእነዚህ ውስጥ አራቱ ጎብኚ አይደሉም። የቁጥር ምልክት የሚባለውን የመሰላል ቅርጽ ይዘው የሚጀምሩ ማብራሪያዎች ናቸው፤ የፕሮግራሙ ስም፣ የቅርጹ እትም፣ ቀኑ፣ አራተኛው ደግሞ «ፊልድስ» የሚለው።

«ፊልድስ» የሚለውን መስመር ወረቀት ላይ ገልብጡት። የዓምዶቹን ስም በቅደም ተከተል የሚናገረው እሱ ነው። በተለመደው የአይአይኤስ አደራደር መጨረሻ አካባቢ ምን አለ? የመልስ ኮዱ አለ፤ ገጹ በደህና ከተሰጠ 200፣ ከሌለ 404 የሚለው ቁጥር። ከእሱ ቀጥሎ ንዑስ ኮድ፣ ቀጥሎ የዊንዶውስ ኮድ፣ በመጨረሻ ጥያቄውን ለማስተናገድ የፈጀው ጊዜ።

አሁን ከአፓቼው ጋር አስተያዩት። በኤንሲኤስኤ ቅርጽ ከመልስ ኮዱ ቀጥሎ የሚመጣው የገጹ መጠን በባይት ነው። ልብ አላችሁ? አንዱ ጋ ከ200 ቀጥሎ ንዑስ ኮድ፣ ሌላው ጋ ከ200 ቀጥሎ መጠን። ንዑስ ኮዱ ደግሞ ሁሉ ደህና ሲሆን ዜሮ ነው። «ከመልስ ኮድ በኋላ ያለው ቁጥር መጠን ነው» ብሎ የሚያምን ቀያሪ ያንን ዜሮ አንስቶ እንደ መጠን ይጽፈዋል። ቁጥር ጠብቆ ቁጥር አግኝቷልና ምን ብሎ ይጮሃል?

ከዚህ የባሰም አለ። ሌላው ቀያሪ የመጨረሻውን ዓምድ መጠን ነው ብሎ ይወስዳል። ያ ዓምድ የፈጀው ጊዜ ነው፣ በሚሊሰከንድ። 350 ሚሊሰከንድ የፈጀ ገጽ 350 ባይት ሆኖ ይወጣል። ዜሮ እንኳ ዓይን ይወጋል፤ 350 ግን እውነት ይመስላል!

ታዲያ የባለሙያችን መፍትሔ ምንድን ነው? አይአይኤስ በተለመደው አደራደሩ የተላከውን ባይት መጠን ጨርሶ አይመዘግብም። ዓምዱ ከቅንብሩ ውስጥ ተመርጦ መጨመር አለበት። ለወደፊቱ ትጨምራለች፤ ላለፈው ግን ያልተመዘገበን ነገር የሚያመጣ ቀያሪ የለም። በመጠኑ ቦታ ሰረዝ መጻፍ ነው ያለባት፤ በኤንሲኤስኤ ቅርጽ ሰረዝ ማለት «መረጃ የለም» ማለት ነው። ኃላፊውም ያለፈው ዓመት የመጠን አኃዝ እንደሌለ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። ዜሮ ጽፎ ማለፍ መዋሸት ነው፣ በእኔ እምነት።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ «ፊልድስ» የሚለው መስመር አንድ ሌላ ተንኮል አለው። ከፋይሉ አናት ላይ ብቻ አይገኝም። አገልግሎቱ በቀን መካከል ቆሞ እንደገና ሲነሳ አይአይኤስ ማብራሪያዎቹን እዚያው ፋይል መሀል ላይ እንደገና ይጽፋቸዋል። እኩለ ቀን ላይ አንድ ሰው «ጎብኚው ከየት ገጽ እንደመጣም ይመዝገብ» ብሎ አንድ ዓምድ ቢጨምርስ? ከዚያ በታች ያሉት መስመሮች በአንድ ዓምድ ይገፋሉ። የመልስ ኮድ በነበረበት ቦታ የድረ-ገጽ አድራሻ ይቀመጣል።

የላይኛውን ብቻ አንብቦ የሚሄድ ቀያሪ ከሰዓት በፊት ያለውን አስተካክሎ፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ያበላሻል። እናንተም 10 መስመር ብቻ አይታችሁ «ደህና ነው» ብላችሁ ልታልፉ ትችላላችሁ። ስለዚህ ከላይ ስታዩ ከታችም እዩ፤ በፋይሉ ውስጥ «ፊልድስ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንዳለም ፈልጉ። ከአንድ በላይ ከሆነ ሁሉም አንድ ዓይነት መሆናቸውን አረጋግጡ።

(ድምፅ፦ የግድግዳ ሰዓት ምት፣ ለሦስት ሰከንድ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆያለን፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ወጥመዱ ድርብ ነውና።

በደብሊው ስሪ ሲ ቅርጽ አይአይኤስ ሰዓቱን የሚጽፈው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከዚያ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች። አፓቼ ደግሞ በአካባቢው ሰዓት ይጽፍና ከጎኑ ልዩነቱን ያስቀምጣል፤ ለእኛ «+0300» ይላል። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ሰዓት ላይ ከተስተካከለ ነው ታዲያ፤ ውጭ አገር የተከራያችሁት ሰርቨር ሌላ ሊል ይችላል።

አንድ ሠራተኛ ጠዋት በ3 ሰዓት ገጹን ከፈተ እንበል። በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይህ 09:00 ነው። አይአይኤስ ስንት ብሎ ይጽፈዋል? እስቲ አስቡት።

(ጥቂት ዝምታ)

06:00 ብሎ ነው። ቀያሪው ማድረግ ያለበት ሦስት ሰዓት ጨምሮ 09:00 ማድረግ፣ ከጎኑም «+0300» ብሎ መጻፍ ነው። ሁለቱንም! አንዳንዱ ቀያሪ ልዩነቱን ብቻ ይለጥፍና ሰዓቱን ሳይነካው 06:00 ይተወዋል። ያኔ የዓመቱ ጎብኚ ሁሉ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ የጠዋት 3 ሰዓቱ ሠራተኛ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የመጣ ይመስላል። በባለሙያችን ላይ የደረሰው ይህ ነው።

ድርቡ ወጥመድ የሚመጣው ስታስተካክለው ነው። ባለሙያዋ «ሦስት ሰዓት ተዛብቷል» ብላ፣ መደመሩን ትታ ቀነሰች እንበል። 06:00 የነበረው 03:00 ሆነ። ሪፖርቱን ስታየው «3» ይላል። ሠራተኛው የሚገባው በስንት ነው? በ3 ሰዓት! «ልክ ሆነ» ብላ ትዘጋዋለች። እኛ 3 የምንለው ግን የጠዋቱን ነው፤ ፋይሉ ውስጥ 03:00 ማለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የተሳሳተው ቁጥር ከአገራችን አቆጣጠር ጋር በአጋጣሚ ገጠመና ስህተቱን ሸፈነው። ይህን ከውጭ የመጣ መመሪያ አይነግራችሁም፤ መመሪያውን የጻፈው ሰው ጠዋቱን በ3 ሰዓት አይጀምርምና።

በምን ትለያላችሁ? ቀላል ሙከራ አለ። ከስልካችሁ በድረ-ገጻችሁ ላይ የሌለ ገጽ ክፈቱ፤ ለምሳሌ ከአድራሻችሁ ቀጥሎ «ሙከራ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደልና 999 ጻፉ። ሰርቨሩ «የለም» ይላችኋል፤ 404 ማለት ነው፤ መስመሩ ግን ይመዘገባል። የግድግዳ ሰዓታችሁን አይታችሁ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጻፉ። ትንሽ ቆይታችሁ፣ ሰርቨሩ መስመሩን ወዲያው ፋይል ላይ ላያሰፍረው ስለሚችል፣ ያቺን 999 መጀመሪያ በዋናው ሎግ፣ ቀጥሎ በተቀየረው ፋይል ፈልጓት። የተቀየረው ከወረቀታችሁ ጋር እኩል ነው? ካልሆነ በስንት ይለያል? ከላይ ነው ከታች?

ከሰዓት ሳንወጣ፣ የፋይሉ ቀንም አለ። በዩቲሲ የሚቆረጥ የዕለት ፋይል ለእኛ የሚጀምረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። የሰኞ ፋይል የሚባለው ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ጀምሮ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ድረስ ያለው ነው። አይአይኤስ «ለፋይል ስምና ለመቁረጫ የአካባቢውን ሰዓት ተጠቀም» የሚል ምርጫ አለው። ብዙ ሰው ያንን ይመርጥና ውስጡም ተስተካከለ ይላል። አልተስተካከለም፤ ስሙና መቁረጫው ነው የተቀየረው፣ መስመሮቹ በዩቲሲ ይቀጥላሉ።

አይአይኤስ የራሱ የሆነ ሌላ የድሮ ቅርጽም አለው። እዚያ ሰዓቱ የአካባቢው ነው፤ ቀኑ ግን በአገሩ ልማድ ይጻፋል፤ አንዱ ወርን ያስቀድማል፣ ሌላው ቀንን። ኮንቭሎግ ለዚህ ሲባል 0፣ 1፣ 2 የሚባል ምርጫ ነበረው፤ አሜሪካዊው፣ ጃፓናዊው፣ ጀርመናዊው አጻጻፍ። በተሳሳተው ምርጫ ከሄዳችሁ ቀኑ 13 ሲደርስ 13ኛ ወር ስለሌለ መሣሪያው ሊጮህ ይችላል። ከ1 እስከ 12 ያሉት ቀኖች ግን ወርና ቀን ተለዋውጠው ዝም ብለው ያልፋሉ። (ጳጉሜን የሚያውቅ ቀያሪ ቢኖር ኖሮ 13ንም ያሳልፋት ነበር!) ኃላፊው «የመስከረሙን አምጪ» ሲሉም መስከረም 1 የሚውለው በሴፕቴምበር 11 ወይም 12 መሆኑን አትርሱ። የሴፕቴምበር ሪፖርት የመስከረም ሪፖርት አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ስለ ፊደሎች ጥቂት እንበል። አይአይኤስ ዓምዶቹን የሚለየው በባዶ ቦታ ስለሆነ የብራውዘሩ ስም ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ በመደመር ምልክት ይተካዋል። ቀያሪው መልሶ መደመሩን ወደ ባዶ ቦታ ያዞረዋል። እስከዚህ ደህና። ግን የጉግል ፈላጊ ሮቦት በስሙ ውስጥ ከመጀመሪያውኑ የራሱ መደመር አለው፤ ከአድራሻው በፊት። በአይአይኤስ ሎግ ሁለት መደመር ተከታትሎ ካያችሁ ይህ ነው። ግድ የለሹ ቀያሪ ሁለቱንም ያጠፋቸዋል። ሮቦቱን በስሙ ቃል በቃል የሚለይ ሪፖርት ካላችሁ ያን ጊዜ ሮቦቱ እንደ ሰው ተቆጥሮ ሊገባ ይችላል።

የአማርኛ አድራሻ ያላቸው ገጾችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ብራውዘር «ሰላም» የሚለውን ቃል እንዳለ አይልከውም። አንዱ የኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል መመዝገቢያ ሥርዓት ሦስት ባይት ነው፤ እያንዳንዱ ባይት የመቶኛ ምልክትና ሁለት ፊደል ወይም አኃዝ ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ፊደል ያላት «ሰላም» 27 ምልክት ሆና ትጓዛለች። አፓቼ እንደመጣችው ይጽፋታል፤ አይአይኤስ ፈትቶ ነው የሚጽፋት። ሁለቱን ሎግ ስታዋህዱ አንዱ ገጽ ሁለት ገጽ ሆኖ ይቆጠራል። ከማዋሃዳችሁ በፊት ሁለቱንም ወደ አንድ ዓይነት አጻጻፍ አምጧቸው። የአማርኛው አድራሻ ጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ከታያችሁ ደግሞ ጥፋቱ የቀያሪው ላይሆን ይችላል፤ ዋናውን ፋይል ክፈቱ፣ ሰርቨሩ ራሱ በዩቲኤፍ-8 መመዝገቡን እዩ። መጀመሪያ መስመሩን በዓይን ያልነው ለዚህም ነው።

አሁን ሁሉንም አስተካክላችኋል። ሙሉውን ከማስኬዳችሁ በፊት ቁጠሩ። የገባው መስመር ስንት ነው? ከእሱ ላይ ማብራሪያዎቹን ቀንሱ። የወጣውና «አልቻልኩም» ተብሎ የተጣለው ሲደመር ከዚያ ጋር እኩል መምጣት አለበት። ገቢና ወጪ ካልተመዛዘነ መስመር የሆነ ቦታ ጠፍቷል። የጣለውን የማይናገር ቀያሪ ካላችሁ፣ በበኩሌ ባትጠቀሙበት እመርጣለሁ።

እርዳታ ለመጠየቅ ከፋይሉ ላይ ጥቂት መስመር ለሌላ ሰው ስትልኩም የጎብኚዎቹን አይፒ አድራሻና የተጠቃሚ ስም አጥፉ ወይም ቀይሩ። የሰው ገመና ነው።

በመጨረሻ የቀያሪው ያልሆነ፣ ግን ሁልጊዜ በቀያሪው የሚሳበብ አንድ ነገር አለ። ሪፖርቱን የምታወጡት ኤደብሊውስታትስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከሆነ፣ ሥራውን ሲጨርስ ከሚነግራችሁ ቁጥሮች አራቱን ልብ በሉ፤ የተጣሉ፣ የተበላሹ፣ የቆዩና አዲስ ተቀባይነት ያገኙ መስመሮች። «የተበላሹ» የሚለው ከበዛ የነገራችሁት ቅርጽና የፋይሉ ቅርጽ አልተገናኙም፤ ወደ ቀያሪው ተመለሱ። «የተጣሉ» የሚለው የራሳችሁ ማጣሪያ ያስቀራቸው ናቸው።

«የቆዩ» የሚለው ግን ሰውን ያሳብዳል። ባለሙያችን ሰዓቱን አስተካክላ፣ ዓምዱን አስተካክላ፣ እንደገና አስኬደችው። ሪፖርቱ ንቅንቅ አላለም። ለምን? ፕሮግራሙ ሎግን የሚያነበው በጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ እስከ የት እንዳነበበም በማስታወሻው ይዟል። የተስተካከለው ፋይል ቀኑ ያው ስለሆነ «ይህንንማ አንብቤዋለሁ» ብሎ ሁሉንም ከቆዩት ይደምራቸዋል። ቀያሪው ደህና ነው፤ የቀረው የፕሮግራሙ አሮጌ ማስታወሻ ነው። ቅጂ ይዛ የእነዚያን ወራት የማስታወሻ ፋይል ታነሳና ከመጀመሪያው ወር ጀምራ በቅደም ተከተል ታስኬዳለች። የድሮውንና የአዲሱን ሰርቨር ሎግ የምታዋህድ ከሆነም አስቀድማ በሰዓት መደርደር አለባት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከሥር ይጀምራል)

አቅራቢ፦ ያቺን የ999 ሙከራ በዚህ ሳምንት ሥሯትና በዋናው ሎግና በተቀየረው መካከል ያገኛችሁትን ልዩነት ላኩልን፤ ከየት ከተማ እንደሆናችሁና ሰርቨራችሁ የት እንዳለ ጨምሩበት። ሳምንት የምንነጋገረው ሎግ ፋይል ዲስኩን ሞልቶ ድረ-ገጹን ሲያቆመው ምን እንደሚደረግ ነው። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ያበቃል)